መስኮቱ

ከሐይቅ ከተማ ወጣን፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣
እብሬ ቀድሞ ሲሄድ፣ እኔ ከኋላ ሳርፍ፤
አርዲቦ ከታች ቀርታ፣ እንደ ተጣለ ሰሃን፣
ጉም እየጠጣት ቆየ፣ እስኪገልጣት ብርሃን።
«ይኸ ነው ባሕሩ፤ ያ ደግሞ ግንቡ» አለኝ፣
በዱላው ጫፍ ወደ ላይ፣ ገደሉን አሳየኝ።
ግንብ አላየሁም እኔ፤ ያየሁት አንድ መስኮት፣
ቤቱ ጥሎት የሄደ፣ ሰማይ የሞላበት።

ቀኛዝማች ዳምጤ፣ ምጥዋ ወርዶ ኖሮ፣
ገላው ብቻ መጣ፣ ልቡን እዚያ ቀብሮ።
«መስኮት ስጡኝ» አለ፣ «ሲነጋም ሲመሽም
ውሃ የሚያሳየኝ፤ ሌላ አልጠይቃችሁም።»
ሌላ አልጠየቀም በውነት፤ ድንጋዩን ብቻ ነው፣
ከባሕሩ ዳር እስከዚህ፣ በሰው ጫንቃ የጫነው።

ቅድመ አያቴ ቢሻው፣ ጠራቢ ነበረ፣
ሦስት ክረምት በዚህ ገደል፣ ወርዶ ወጥቶ ኖረ።
ደመወዙ ቁና ሽምብራ፣ ምርቃቱ ስድብ፣
ድንጋይ ሲያለሰልስ እጁ፣ እጁ ሲደርቅ እንደ ግንብ።
እናቴ ስትነግረን፣ ታሪኩ አጭር ነው፤
አንድ ጣቱን ድንጋይ፣ ጨፍልቆ ወሰደው።
ካሳ ቢለምናቸው፣ ቀኛዝማች ሳቁበት፣
«ለግንቤ የሰጠኸው፣ አይጠፋም» ነው ያሉት።
እሱም ሌሊት ተነስቶ፣ ባንዱ ድንጋይ ደረት፣
የግራ እጁን መዳፍ፣ ከነጉድለቱ ቀረጸበት።

እሱን ነው የመጣሁት፤ ያንን ባለ አራት ጣት።

ዞርኩት። ግንብ የለም እንጂ፣ ግንብ የነበረበት፣
ቁልቋል የወረሰው፣ ሽኮኮ ፀሐይ የሚሞቅበት፤
ደረጃ አለ አምስት፣ ወደ ምንም የሚወጣ፣
ስድስተኛውን የረገጠ፣ አርዲቦን ይጠጣ።

«ማን አፈረሰው?» አልኩት። «ጣልያን ነው? ወይስ ደርግ?
መብረቅ? የምድር መንቀጥቀጥ?» እብሬ ሳቅ ሲያደርግ፣
ተቀምጦ ከጫማው፣ ጠጠር እያራገፈ፣
«ጦርነትስ አልነካውም፤ በዚህ አላለፈ።
ክረምት በመጣ ቁጥር፣ የቤታችን ጎን ሲፈርስ፣
አንድ አንድ ድንጋይ ወሰድን፤ ነውር የለውም፣ የራስን መመለስ።
አባቴ ለበረቱ፣ አማቼ ለጓዳ፣
የቀረውን ጎረቤት፣ ለእርከን፣ ለእንግዳ
መቀመጫ መደብ።
ለመስጊዱ አጥር፣ ለጊዮርጊስ ደጀ ሰላም፣
አንድ ግድግዳ በቃ፤ ሁለቱ አልተጣሉም።
የጤና ኬላው ወለል፣ የቀኛዝማች አልጋ ቤት ነው፤
ሴቶቻችን የሚወልዱት፣ እሳቸው የተኙበት ላይ ነው።»

«መስኮቱንስ?» አልኩት።
«መስኮት ምን ያደርጋል?
እኛ ባሕሩን በበር፣ ስንወጣ እናየዋለን።»

ቆሜ አየሁበት እኔ፤ ንፋስ ነጠላዬን ሲገፋ፣
አንዲት ሴት ከታች፣ ቢጫ ጀሪካን ደፍታ፣
ወፍ ውሃውን ስትቀድ፣ ስትሰፋው መልሳ።
«ጠዋት ጠዋት ያስቀዱ፣ ነበር በዋንጫ ውሃ፤
ቀምሰው ይተፉት ነበር፣ ‹ጨው የለውም፣ ይሄ ደሃ!›»
ይላል እብሬ፤ ከአባቱ፣ አባቱ ከአባቱ ሰምቶ።

ስንወርድ መሸ። በረቱ ጋ፣ አንዲት ቦቃ ላም፣
ድንጋይ ትልስ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።
ጎንበስ ብዬ አየሁ።
መዳፍ ነው።
አራት ጣት።

ምላስ ያለዘበው፣ ዳር ዳሩ የተበላ፣
ጉድጓዱ ግን አለ፣ በአሞሌ ብናኝ የሞላ።
ቀኛዝማች ዕድሜ ልኩን፣ ከባሕሩ ያጣው ጨው
እዚህ ነው፤ ቢሻው በእጁ፣ ለከብት የሚያድለው።
የራሴን እጅ ከተትኩ፤ አንድ ጣቴ ትርፍ ሆነ፣
ከመዳፉ ውጭ ቀርቶ፣ ቦታ አጥቶ ባከነ።
«ውሰጂው» አለ እብሬ፣ «ያንቺ ወገን ከሆነ፤
እኔ ሌላ አላጣም።»

ዝም አልኩ። ላሟ ግን
በሻካራ ምላሷ፣ ክንዴን ገፋ አደረገች፤
ተራዋ ነበረና
ዞር አልኩላት፤
ላሰች።