አሥር ጠብታ

ታንደር ቤይ ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ሰፈር፣
ከኢልማ ምድር ቤት ተከራይቼ ስኖር፣
ሆዴ ነበር እንጂ ሌላ ሰው አላውቅም፣
ሌት ሲሟገተኝ አድሮ ቀን የማይታረቅም።

የምሠራው ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ፣
ደረቴ እየነደደ የቃር ክኒን ስሸጥ፤
«አንድ ፍሬ» እላለሁ፣ «ከምግብ በኋላ»፣
እኔ ግን ፈርቼ ማታ እህል ሳልበላ።

ኢልማ ሰማች መሰል ስንቆራጠጥ ሌት፤
ወለሉ ስስ እንጨት፣ ቤቱ አሮጌ ቤት።
የሚያዝያ በረዶ መስኮቱን ሲመታ
ደረጃውን ወርዳ፣ በር ሳታንኳኳ ገብታ፣
ከጥቁር ጠርሙስ ውስጥ አሥር ጠብታ
በማንኪያ ቆጠረች።

«የዳንዴላየን ሥር፣ ከአጥሬ የነቀልኩት፣
የብርቱካን ልጣጭ፣ ምድጃ ላይ ያደረቅኩት፣
እናቴ ያሳየችኝ ስሙ የጠፋኝ ቅጠል፣
ቮድካ ውስጥ የከረመ ስድስት ሳምንት ያህል።»

አሸተትኩት፤ አሪቲ አሪቲ ይላል።
ማር ፍለጋ ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ምላስ ሳይመረው ሆድ በምን ይነቃል?
በጓሮ የገባ እንግዳ ማን ያውቃል?
አፍሽ ላይ አቆዪው፣ ፊትሽ ይጨማደድ፣
ምራቅሽ ይነሣ፣ ያኔ ነው የሚወርድ።»

ቀመስኩት። አቤት እሬት! አቤት የጋን ማጠቢያ ግራዋ!
ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ ጉሮሮዬም አለ «ዋ!»
ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣
አገሳሁ፣ እንደ ጠገበ ሽማግሌ፣ ያለ ሐፍረት፣ በጤና።

አልዋሽም፤ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ፣ በቱቦ አይቶኛል፤
የጻፈልኝን እውጣለሁ፤ ቃሩ አንዳንዴ ይመጣል፣ ይሄዳል።
ጠብታው ተአምር አይደለም። ግን እራት ሲደርስ አሁን
ምላሴ ቀድሞ ለሆዴ ይነግረዋል እንግዳ መምጣቱን።

በኛ ዘንድ ሐሞቱ የፈሰሰ ሰው ፈሪ ነው፤
ኢልማ ግን «ሐሞት ካልፈሰሰ ሆድ በምን ሊሠራ ነው?»
ስቄ ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።
«ሆድ ይፍጀው» እያልን ስንቱን አስረከብነው፤
ፈጀና ፈጀና ትርፉ ይኸው ቃር ነው።

በጥቅምት፣ ለምስጋና ቀን፣ ልጇ መጣ ከካልጋሪ፤
ቴርሆ ይባላል፤ ትሑት ነው፣ ጥሩ ተናጋሪ።
የቱርክ ሥጋውን ቆረሰ፣ ኬኩን አመሰገነ፣
ከዚያ ፖስታ አወጣ፦ «እማ፣ ደረጃው ዳገት ሆነ፤
አንድ ፊርማ ብቻ፣ ቤቱ ይሸጥ።» ድምፁ እንደ ሽሮፕ ጣፋጭ።
ኢልማ፣ ሁለት ዓመት በስልክ «እናያለን» ባይ፣ ቃል ዋጭ፣

ተነሣች። ጠርሙሱን አመጣች። ለእሱ አሥር፣ ለእኔ አሥር፣
ለራሷ ሃያ። በማንኪያ። ማንም ሳይናገር።
ሊውጥ ሲል «አይደለም» አለችው፣ «አቆየው አፍህ ላይ»፤
የሃምሳ ዓመት ሰውዬ ፊቱ ተጨማደደ፣ ውሃ ውሃ ሲያይ።
በዚያ መራራ መሃል ኢልማ ቀስ ብላ፣
«አልፈርምም» አለች። ድንቹን አስጠጋችለት። «ብላ።»

በላ። ደገመም።

እኔስ? ማክሰኞ ጠዋት ጠርሙሷ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ናት።
አለቃዬ ፈገግ ብሎ፣ ለአምስተኛ ጊዜ፣
«እሁድንም ትሸፍኚልኛለሽ አይደል?» ሲል፣
«ችግር የለም» የሚለው ቃል ማር ተቀብቶ ጥርሴ ጋ ሲደርስ፣
ክዳኑን ከፈትኩ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።
እሱ ቆሞ ያየኛል።
አራተኛዋ ላይ ምራቄ መጣ።