ጫማውን ያወለቀው ካሜራ

ሐምሌ ነው፤ በቲማሩ ክረምቱ ከብዷል፣
ከደቡብ ባሕር የመጣ ነፋስ መስኮቴን ይገርፋል።
ሃያ ስድስት ወረቀት ከፊቴ ተከምሯል፣
ቀይ እስክሪብቶዬ ገና ሁለቱን ብቻ አርሟል።

ጥያቄው አንድ ነው፦
«የመጀመሪያውን አራት ደቂቃ መርምሩ፤
ካሜራው የት ቆመ? ብርሃኑስ ከየት መጣ?
ድምፁስ ምን ሠራ? ያያችሁትን ዘርዝሩ።»
ሰሌዳው ላይ ቃላቱን ደርድሬላቸው ነበር፦
ቅርብ ቀረጻ፣ ሩቅ ቀረጻ፣ ማዕዘን፣ ጥላ፣ ቅንብር።

ፊልሙ ቀልድ ነው፤ በአስፈሪ ፊልሞች ያላግጣል፣
ደሙ የቲማቲም ድልህ፣ መቃብሩ ካርቶን ይመስላል።
ሲከፈት ሌሊት ነው። ጨረቃ አለች ሞልታ፣
(ሄሚ ልብ ብሎ አይቷታል፣ በክር ተሰቅላ አንገቷን ደፍታ።)
ካሜራው ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል፣
ቅርንጫፉን በእጁ ገለጥ አድርጎ ያያል።
ገዳዩን አናየውም፤ እኛው ነን ገዳዩ፣
በዓይኑ ነው የሚያዩት ዓይኖቻችን ሲያዩ።
ሣሩን ረግጠን፣ በረንዳውን ወጥተን፣
በመስኮት፣ ጀርባዋን የሰጠችን ልጅ አየን።
ቫዮሊኖቹ ቀጠኑ፣ የጥርስ ሕመም እስኪመስሉ፣
የበሩ እጀታ ዞረ፤ ልጆቹ ጸጥ አሉ።

ከዚያ ካሜራው ቆመ።
ወደ ታች አጎነበሰ፣
በደጃፉ ምንጣፍ ላይ ቀኝና ግራ እግሩን አበሰ።
ጫማውንም አውልቆ፣ ከልጅቷ ጫማ ጎን
አስተካክሎ አስቀመጠው፤ በካልሲው ገባ ሳሎን።
ልጅቷም ሳትዞር፣ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ነው» አለች።
ክፍሌ በሳቅ ፈረሰች።

እንግዲህ ወረቀቶቹ።
ታቪታ እንዲህ ይላል፦ «ካሜራው ዝቅ ያለው
ካሜራ ያዡ ሰውዬ አጭር ስለሆነ ነው።»
ከግማሽ በላይ ሰጠሁት። ማን ያውቃል፣ ልክ ቢሆንስ?
አንድ ጊዜ፣ በወጣትነቴ፣ የማስታወቂያ መብራት ስይዝ፣
ሁሉም ያደነቀው ጥላ የመጣው ገመዱ እግሬን ሲይዝ ነው።

ብራየር ሁለት ገጽ ጽፋለች ስለ ቀለሙ፦
«ሰማያዊው ፍርሃት ነው፣ ቢጫው ነው ሰላሙ።»
ጎኑ ላይ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብዬ ጻፍኩ፤
የከዚያስን መልስ እኔም ሳላውቅ ጠየቅኩ።
ፊንሌይ ሁሉን ገልብጦባታል፣ ስሟን ሳያስቀር፤
አሁን ሁለት ብራየር አሉኝ፣
አንደኛዋ ፊደል ስትገድፍ የምታድር።

ከሥር የንጋይሬ አለ፤ ግማሽ ገጽ፣ በእርሳስ፤
ክፍል ውስጥ እጇን የማታነሣ፣ ድምጿ እኔ ጋ የማይደርስ።

«ጫማው ያስቃል። ግን ከጫማው በፊት
ኮሪደሩ ብቻ የሚታይበት ሦስት ሰከንድ አለበት።
ቫዮሊን የለም፤ ትንፋሽ የለም፤ ማንም አይቀልድም።
ቆጠርኩት። እዚያ ጋ ፊልሙ አይዋሽም።
የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የፈሩ ይመስለኛል፤
ቀልዱ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ያልፈራ ምኑን ይስቃል?
አባቴ ከወደቡ፣ ከሌሊት ፈረቃ ሲመጣ
እኔም እቆጥራለሁ፣ ደረጃውን እስኪወጣ።
ጫማውን ሲያወልቅ ስሰማ ነው የምተኛው።
ይቅርታ፣ ይህ የካሜራ ስልት አይደለም፤
ያየሁት ግን ይህን ነው።»

ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። ኮሪደሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት።
አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩት፤
አሥራ አንድ ዓመት በጣቴ ዘለልኩት፣
ወደ ጫማው ለመድረስ፣
ሳቃቸውን ለመስማት ስቸኩል።

ጎኑ ላይ «ግሩም» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩ፤
«ስልት ነው» አልኩ በምትኩ፤ ከሥሩ ሁለቴ አሰመርኩ።

ሃያ ወረቀት ይቀረኛል። ሻዬ ቀዝቅዟል።
የኮሪደሬ አምፖል ከማክሰኞ ጀምሮ ተቃጥሏል።
ውሃ ላፈላ ተነሣሁ። በካልሲ ነኝ።
ደፉ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤
ቫዮሊን አልተሰማኝ።