በነጻ ነው፣ ግቡ

«በነጻ ነው፣ ግቡ! ዘፈኑን የሚያውቅ አብሮ ይዘፍናል፤
የማያውቅ ያጨብጭብ!» እያለ ባጃጁ አቃቂን ይዞራል።
የምስማሩን ጣሳ አንሥቼ ወደ ሱቄ ሳስገባ
ደንበኛ ተጣራ፤ ዘጋሁበት፤ እንግዲህ ዛሬ እንኳን ልግባ።
አርባ ዓመት ከውጭ ነው የማውቀው ያንን ቤት።

የፋብሪካው አዳራሽ! ፉጨቱ እስከ ባቡር ጣቢያው የሚሰማ፤
የጥጥ ብናኝ ከራሱ ሳያራግፍ ስንቱ ፈታይ የተሰለፈበት ለሲኒማ።
ኋላ መጋዘን ሆነ፤ ኋላ ደግሞ የስብሰባ፤
ኋላም የርግብ ቤት፤ ይኸው በወጣቶቹ እጅ በሩ ሰማያዊ ተቀባ።

መግቢያው ስሙኒ ነበር።
ስሙኒ በእኛ ቤት ጋዝ ነው፣ ክብሪት ነው፣ ሳሙና፤
እና ከኋላ ነበርን፣ በወንዙ በኩል፣ ሳማ በዋጠው ጎዳና።
ከግንቡ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ለአየር የተተወ ቀዳዳ፤
ሽብሩ በዓመት ታላቄ ነው፣ ግን ከሲታ፤
እኔ ታች እቆማለሁ፤ እሱ ትከሻዬ ላይ ወጥቶ ዓይኑን ያጣብቃል።
«ምን ይታይሃል?» እለዋለሁ፣ ጉልበቴ ሲርድ ከታች፤
«ሰው ይጨፍራል፤ ቀይ ለብሰው፤ ዝናብ ነው፤ ዝሆን አለች።»

ህንድኛውን ማን ያውቃል፤ ጆሮ ያገኘውን ይሸምታል፤
«ሳንዱቄን አምጪልኝ» ትላለች ለእኔ ጆሮ፤ ከበሮው ይመታል።
ሳንዱቅ ካለ ሙሽራ አለ ብዬ ገመትኩ፤ ሽብሩም ከላይ መሰከረ፤
«ሰርግ ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፤ ድምፁ ትንሽ ተሰበረ።
ጉንፋን መሰለኝ።

ታዲያ እኔም በሰርጌ ቀን፣ በድንኳኑ መሀል፣ በሰው ፊት
ሚስቴን «ሳንዱቄን አምጪልኝ» እያልኩ አቀነቀንኩላት፤
ሚዜዎቼ ተቀበሉ።

ዛሬ ግን ወንበር ላይ ነኝ፤ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ፤
ጋሽ ዋቅጅራ፣ የዱሮው ቲኬት ቆራጭ፣ በልማድ እጁን ዘረጋ፤
ሁሉም እየጨበጠው አለፈ።
ፊት ለፊት ሁለት አንሶላ፣ መሀሉ ላይ የተሰፋ፤
ጀግናው እስፌቱ ሲደርስ አፍንጫው ይጣመማል፤ ልጆቹ በሳቅ ፍርፍር።

ከዚያ ያ ዘፈን መጣ። አዳራሹ ተነሣ።

አጠገቤ እትዬ ሽታዬ፣ ሃያ ዓመት ክር የቀጠሉ፣
የወለቀ ጥርሳቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነው ያዜማሉ፦
«ሰንደሌን አምጪልኝ!»
«ሳንዱቄን ነው» አልኳቸው።
«ሂድ ወዲያ! ሰንደል ጫማ ነው፤ ልጅቱ ባዶ እግሯን አይደለች?»
ከኋላችን የባጃጁ ልጅ ደግሞ፣ ትናንት የተወለደው፣
«ሰኞ ነው አምጪልኝ» ይላል፤ ብድር የሚያስመልስ ይመስል ቀን ቆረጠለት።

ያኔ ቀና አልኩ።

ሰርግ የለም።
ሙሽራ የለም። ሳንዱቅም፣ ሰንደልም የለም።
አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ከዛፍ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ ትገፋለች፤
ባዶውን። ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ትገፋለች፤ ትዘፍናለች።

ያ ክረምት ወንዙ የሞላበት ክረምት ነበር።
እናታችን የታናሿን ቀሚስ
ከገመድ ላይ ሳታወርድ እስከ መስቀል ያቆየችበት።
ሽብሩ ዐሥራ አንድ ዓመቱ። ከትከሻዬ ላይ ሆኖ አየ፤
ምራቁን ዋጠና
«ሰርግ ነው» አለኝ።

ስልኬን አወጣሁ።
ሞጆ ነው፣ ከሲኖትራኩ ውስጥ፤ «ሃሎ! ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?»
አልመለስኩለትም፤ ስልኩን ከራሴ በላይ አነሣሁት፣
ያኔ እሱን እንዳነሣሁት።
ሰማ። ብዙ ዝም አለ።
«ምን ይታይሃል?» አለኝ።

«ሰርግ ነው» አልኩት።

የመኪናው ሞተር ጠፋ።
ከዚያ፣ በሻከረ ጉሮሮ፣ ግጥሙን ሳያስተካክል፣
እሱም ከሞጆ
ሳንዱቁን ማስመጣት ጀመረ።