ስፌት

ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ከባሕር ወጥቶ፣
ግዲኒያን ጋርዷት፣ በረንዳዬ ላይ ተኝቶ፣
እኔ በኩሽና፣ አንተ በሳህን ውስጥ፣
ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙና አረፋ ስትሰምጥ።

ከበሮ መቺዬ፣ ቁመትህ አውራ ጣቴን አያህል፣
ገና ከቅርጹ ስትወጣ ገላህ ቅባት አዝሏል፤
ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያውቀዋል።
ሳይታጠብ የተቀባ ነገ ይላጣል፤
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ጫፉን ይዤ ብስበው
ፊትህ ከነቅንድቡ ጥፍሬ ላይ ነው የሚቀረው።

በሃልሽካ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
ብብትህን፣ ዘለበትህን፣ የከበሮህን ገመድ ሳሽ፣
"የኔን ብሩሽ?" ብላ በሩ ላይ ቆመች።
"አሮጌውን" አልኩ። አየችኝ። ሄደች።
(አሮጌው የቱ እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም።)

ቀን ቀን የሰው ጥርስ ነው የምሠራ፤
ሰም አቅልጬ፣ ሸክላ ጋግሬ፣ ከማላውቀው መንጋጋ ጋራ
ስታገል እውላለሁ።
ማታ ያው እጅ፣ ያው መብራት፣ ያው ማጉያ መነጽር፣
ደሞዝ በሌለው ሥራ፣ በዚህ ጠረጴዛ ዳር።

ተጣሞ ነበር የመጣው አንዱ የከበሮ ዱላህ፤
ሙቅ ውሃ ነከርኩት፣ ለሰለሰ እጅህ፤
አቃንቼ ይዤው ቀዝቃዛ ሲነካው ደነገጠ፣
ቀጥ አለ እንደ ምልምል፣ ቃሉን እንደዋጠ።
ክንድህ ላይ አረፋ የተወው ጉድጓድ ነበረ፣
በመርፌ ጫፍ መሙያ ጠቀጠቅሁበት፤ ሳልነካው አደረ።
የአሸዋ ወረቀቴን ውሃ እያጠጣሁ ሞረድኩህ፣
ብናኝህ የሳንባ ጠላት ነውና አፍንጫዬን ሸፍኜ ቀረብኩህ።

በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች።
ቆርቆሮውን ነቀነቅሁ፤ ውስጡ ያለችው ኳስ ተንኳኳች።
ጠርሙስ ክዳን ላይ ተክዬህ፣ አንድ ስንዝር ራቅሁና
አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ ስስ አድርጌ፣ እንደ ደመና።
እስከዚያ ብርሃን አልፎህ የሚሄድ የረጋ ሙጫ ነበርክ፤
ግራጫው ሲያርፍብህ ጥላ አወጣህ፤ ሰው መሰልክ።

ነፋሱን ግን ረሳሁት።
ፀሐይ የምጠብቅ እኔ ብቻ አለመሆኔንም።

በሩ ተደበደበ። ከታች ያለችው ወይዘሮ ገኖቬፋ
እንደ ታመመ ልጅ ነጭ አንሶላ ታቅፋ፣
መሐሉ ላይ ግራጫ ጭጋግ ሰፍሮበት።
"ይህ ምንድን ነው?" መልስ አጣሁለት፣
ጣቴን ወደ አንተ ቀሰርኩ። ደርቀህ ነበር።
ቀረበች። መነጽሯን አላደረገችም፤
ሠላሳ ዓመት የመርከብ ሸራ የሰፋ አውራ ጣት ግን አያረጅም፤
ከጆሮህ እስከ አንገትህ አንዴ ዳሰሰችህና፦
"ስፌት ትተሃል" አለች።

"ቀለም ሲያርፍበት ይጠፋል።"
"ልጄ፣ ቀለም ስፌት አይደብቅም። ስሙን ጠርቶ ያሳጣዋል።"
አንሶላዋን ይዛ ወረደች።

መብራቱን በጎን አዞርኩት። እውነቷን ነው። ፀጉር የምታክል መስመር፣
ቅርጹ ሁለት ክፋይ ሆኖ የተዘጋበት ድንበር።
ጥርስ ብትሆን ኖሮ
የሰውየው ምላስ ቀኑን ሙሉ እሷን ሲፈልግ ይውል ነበር።
እኔ ይህን የማላውቅ ሰው ነኝ?

በአልኮል አጠብኩህ። ግራጫህ ተፈታ፤ ጥላህን መለስክ፤
በቢላ ጀርባ ቀስ እያልኩ ስፍቅህ
እንደገና ሙጫ ሆንክ።

በማግስቱ በሬ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ፣
አንሶላው ውስጡ፣ አራት ቦታ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ
በእጅ የተሰፋ።
"ለመርጫህ መከለያ" ይላል ወረቀቱ። "ነፋስ ካለ ግን ተው።"

ዛሬ ነፋስ አለ።
ክዳንህ ላይ ቆመሃል ራቁትህን፣ ዱላህን እንዳነሳህ፤
እኔም ተውኩ፤ እጠብቃለሁ፤
አውራ ጣቴ ብቻ፣ ሳላዘው፣
መንጋጋህ ላይ ይመላለሳል።