ደረጃ ስንቀንስ

አዌቱ ሰብሮ በገባ ክረምት፣ እኔ ገና ሳልወለድ፣
አባቴ ቤቱን ከፍ አረገው፣ ጎርፉ እንዳይለምድ መንገድ።
ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ከላዩ የዋንዛ ደፍ።
«ውሃ እግር የለውም» ይል ነበር፣ «ደረጃ ወጥቶ አያልፍ።»
ሠላሳ ዓመት ቃሉ ሠራ፤
ጎርፉ ደጃችን ደርሶ ዞረ፣ ሄደ ወደ ሌላ ስፍራ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ ሂርማታ፣ ከሱቁ ደጅ፣
የቁም ሣጥን በር እየላገ
መላጊያው ወደቀ ከእጅ።
ግራ ጎኑ ዝም አለ።

ሁለት ወር ሆስፒታል ከርሞ፣ ባጃጅ ከበር ሲያወርደን፣
ሦስቱ ደረጃ ቆመው ጠበቁን፤
እግር የሌለው ውሃ ትዝ አለን።
እኔ አየሁት፣ እሱ አየኝ፤ ማናችንም አልተናገርን።

ረሻድና የባጃጁ ልጅ አንሥተው ሲያስገቡት ቤት
«እንደ ሙሽራ ነው» አሉ፣ ለጨዋታ፤
ፊቱን አዞረ በሐፍረት።
በሩ ሰባ ሳንቲ ነው፣ ስልሳ ስምንት ወንበሩ፤
በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፣ ይኸው ነው የጣት ድንበሩ።
በገባ በወጣ ቁጥር የቀኝ እጁ አንጓ ይላጣል፤
በገዛ እጁ የላገው መቃን የገዛ እጁን ይልጣል።

አጎቴ አባ ፊጣ መጥቶ «ታገሡ» አለ፣ «ይሻለዋል፤
ቤት ለሕመም አይፈርስም፤ ሕመም ያልፋል፣ ቤት ይኖራል።»
እናቴ መልስ አልሰጠችም።
ከጎረቤት ዲጂኖ ተውሳ መጣች፤
«ደረጃ እንቀንስ» አለች።

ደረጃ መቀነስ! በኛ ሰፈር ቃሉ ነውር አለበት፤
ሱቁን ለሸጠ፣ ከሹመት ለወረደ፣ «ወደቀ» ለሚባልለት።
እሷ ድንጋዩን ነው ያለችው።
ወይም ሁለቱንም። አልጠየቅኋትም።

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ ነግራኛለች፤
ለአንድ ሳንቲ ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ዝርግ ያሻል ብላለች።
ደረጃው ስልሳ፤ አባዛሁት፤ ሰባት ሜትር ከሃያ፤
ግቢው አምስት ነው፤ መሐሉም የአቮካዶ ዛፍ ማረፊያ።

«ሱታ» አለ አባቴ። ቀስ በሉ ነው።
ከበሽታው ወዲህ ሳይሰበር የሚወጣ ቃሉ እሱ ነው።
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ ካርቶን ላይ ሳበ፣ ሰረዘ፤
መንገዱ ዛፉን እንደ ክንድ አቅፎ ወደ በሩ ተጓዘ።

ደፉን ግን ማንም አልነካም።
መጋዙን ለረሻድ ሳቀብለው መሐል ገብቶ ተቀበለኝ።
ወገቡን ከወንበሩ ጋር በሽርጥ አሰርነው፤
እኔ ግራ እጁ ሆንኩና እንጨቱን ያዝኩለት።
ሳበ። ገፋ። ዐረፈ። ሳበ።
ዋንዛው ሠላሳ ዓመት የደበቀውን ሽታ አወጣ፣
ትናንት ከጫካ የመጣ ይመስል።
አባቴ አላለቀሰም።
የመጋዙ ዱቄት የገባው እኔ ዐይን ውስጥ ነው።

«ውሃውስ?» አለች እናቴ።
የተቆረጠውን ደፍ አንሥቶ አሳያት፤
በጣቱ መቃኑ ላይ ቁልቁል ቦይ ሣለላት፦
ክረምት ሲገባ ይሰካል፣ መስከረም ሲጠባ ይነቀላል፤
ጎርፉም ደፉን አያጣም፣ እሱም መንገዱን ያገኛል።

ሲሚንቶው ሲደርቅ መጀመሪያ የወጣችበት ዶሮ ናት፤
ቀጥሎ የሰፈሩ ልጆች፣ ጎማ እያንከባለሉባት፤
ከዚያ እትዬ አስካለ፣ «ይግቡ» ሳይላቸው ማንም፣
ከላይ ደርሰው «ጉልበቴ እኮ...» አሉ፤
አራት ዓመት የቀሩብን፣ ለካ በኩርፊያ አይደለም።

ጁምዓ ዕለት ገፋሁት። በሩ አላላጠውም፤
ቁልቁለቱም አላዳጠንም።
አስፋልቱን ተሻግረን መስጊዱ ደጅ ደረስን።
አራት ደረጃ።
ሰው ሁሉ ሊሸከመው ተጋፋ፣ ጫማውን ያወለቀም ያላወለቀም።
ቀኝ እጁን አነሣ።
«ሱታ» አለ፤
ደረጃውን ከታች እስከ ላይ በዐይኑ ለካው፣
እርሳሱንም ከጆሮው አወረደ።