ኩርባው ላይ

ጣርማ በር ጉሙ ሲወርድ አስፋልቱ ይጠፋል፤
ሾፌር ክላክሱን እየነፋ፣ በስመአብ እያለ ይቆለቆላል።
እኔ ከሸንተረሩ፣ ከቆርቆሮ ክፍሌ፣
ዓይን በማይረዳበት ሌሊት ለማየት ነው ውሌ።

ሥራህ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ገደል ማሚቶ ነው እላለሁ፤
ሞገድ እልካለሁ፣ ነክቶ የተመለሰውን እለቅማለሁ።
ርቀቱን ይነግረኛል፤ መልኩን ግን ይደብቃል።
ሲኖትራክም ሆነ ጋሪ፣ ከቆመ ነጥብ ነው፤
ከስክሪኑ ጥቁር ሰፌድ እንደ ገብስ ፍሬ ይወድቃል።

ቀጥ ብሎ ቢመጣም ያው ነው፤
ነጥቡ ይቀርባል እንጂ አይፈታም።
መልክ የሚያወጣው ሲዞር ነው።
ኩርባው ላይ አንድ ጎኑ ሲመጣ፣ ሌላ ጎኑ ሲሸሽ፣
የመጪው ድምፅ ይቀጥናል፣ የሸሺው ይወፍራል፣
እንደ አምቡላንስ ጩኸት፤
ጋቢናው፣ ስፖንዳው፣ ጎማው
ከዚያች ልዩነት ተነሥቶ በየቦታው ይሰፍራል።
ኢንጂነር አጥናፍሰገድ ሲያስተምረኝ
«ጉዞውን ቀንስለት፣ መዞሩን አስቀርለት፤
ዒላማው ራሱን ይስላል፣ አንተ ወረቀት ሁንለት» ይል ነበር።

ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አንዲት አይሱዙ ከዋሻው ወጣች። ነጥብ።
በመጀመሪያው ኩርባ ጋቢና አበቀለች፤
በሁለተኛው ጭነት፣
በሦስተኛው የብረት አልጋ፣
የተገለበጠ፣ አራት እግሩን ለሰማይ የሰጠ፤
አንደኛው እግር ያጠረ።

ያን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ፤
በብሎኬት ስባሪ የደገፍኩትም።

ወሰንየለሽ።
ሰባት ዓመት ጠባሴ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣
ከበሩ እስከ ጓዳው ስንት ክንድ እንደምትርቅ አውቅ ነበር፤
ርቀቷን ብቻ።
«ደኅና ዋልሽ» እልካለሁ፣ «ደኅና» ይመለሳል፤
በዚያው እተኛለሁ።

መመሪያው ገጽ አራት ላይ እንዲህ ይላል፦
ምስል እንዲወጣ ከሁለት አንዱ ይንቀሳቀስ፤
ወይ ራዳሩ፣ ወይ ዒላማው።
ራዳሩ እኔ ነበርኩ፤
በሲሚንቶ የተተከልኩ።

በአራተኛው ኩርባ መኪናዋ ስትታጠፍ
ሁሉም ጎልቶ ወጣ፦ የልብስ ስፌት መኪናዋ፣
ባለ ብረት ሳጥኗ፣ ወንበሩ፤ አንድ ወንበር።
ትታልኝ የሄደችው ሌላኛውን መሆኑ ገባኝ።
እንዲህ አጥርቼ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከደብረ ሲና ወዲያ መንገዱ ተቃና፤
ነጥብ ሆነች እንደገና።
መዝገቡን ሳብኩና ጻፍኩ፦
«ዘጠኝ ከአርባ። ቀላል የጭነት መኪና። ወደ ሸዋ ሮቢት።
የምስሉ ጥራት፦ በጣም ጥሩ።»