ቀሪ ዋጋ

ፋይሉ ከእጄ የገባው በኅዳር መግቢያ ነው፤
በዮዌንሱ መስኮት ዝናብ ሲወርድ ነው።
አመልካች፦ አርቮ ኬቱነን። ዕድሜ፦ ኀምሳ ስምንት።
ሥራ፦ ግንድ ቆረጣ። ልምድ፦ ሠላሳ ዓመት።
የሚፈልገው ዕቃ፦ ባለ ስምንት ጎማ የዛፍ ማጨጃ።
ዋስ፦ የለም። ሐይቅ ዳር ያለች ጎጆ ናት ማስያዣ።

በእኛ ቋንቋ አርቮ ማለት ዋጋ ማለት ነው።
ማን እንዳወጣለት አልጠየቅሁም፤
እኔ የተቀጠርሁት ለብረቱ ዋጋ ነው።

የፋይናንስ ኪራይ እንዲህ ነው ነገሩ፦
ሊብሬው በኛ ስም፣ ጭንቁ በሰው በሩ።
ማሽኑን ገዝተን፣ ሳይውል ሳያድር ከንብረት እንሰርዛለን፣
በቦታው «ተሰብሳቢ» ብለን ተስፋ እንጽፋለን።
ገና ያልነጉ ስድሳ ወራት ተሰልፈው ይመጣሉ፣
በወለድ ተሸርፈው፣ ተሸርፈው፣ አንድ ዛሬን ያህላሉ።
ከሁሉም በታች፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ «ቀሪ ዋጋ» ይላል፤
አምስት ዓመት ጫካ ልጦት ብረቱ ስንት ያወጣል?

ከዚያ ሰውየውን መዘንሁት።
ለልምዱ ዘጠኝ፣ ለባንክ ታሪኩ ስምንት ሰጠሁት፤
እንጨቱን የሚገዛው አንድ መሰንጠቂያ ብቻ ነው፣ ሦስት ቀነስሁበት።
ሚስቱ ባለፈው ፋሲካ ሞታለች፤
ለሐዘን የሚሆን ክፍት ቦታ ቅጹ ላይ አጣሁለት።
ተደመረ፦ «ደረጃ አንድ»፤ ደኅና ደንበኛ፤
የዓመት ኪሳራ ይገመት፣ ሒሳቡም ይተኛ።

ሊየክሳ ድረስ ሄድሁ፣ ማሽኑን ሲረከብ።
ጓንቱን አውልቆ ጎማውን ዳሰሰ፣ እንደ ከብት።
ስለ ወለዱ አልጠየቀኝም።
«መሬቱ ካልጠነከረስ?» አለ።
ፈገግ ብዬ አስፈረምሁት።

በሁለተኛው ዓመት ውርጭ ውሉን አፈረሰ፣
ታኅሣሥ ውሃ ሆነ፣ ጥር ጭቃ ለበሰ።
ሃያ ቶን ብረት ረግረግ ላይ አይቆምም፣
ያልቆመ ብረት ግንድ አይቆርጥም፣
ያልተቆረጠ ግንድ ገንዘብ አይሆንም።
በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ማንም ሳይነካው፣
ኮምፒውተሩ ራሱ ስሙን ቢጫ ቀባው፦
ደረጃ ሁለት።
ከእንግዲህ የሚያዘው መጠባበቂያ የዓመት አይደለም፣ የዕድሜ ልክ ነው፤
ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው፤ ቃሉ ግን ፍርድ ነው።

አለቃዬ ራውኒ «ማሽኑን አስመልሺ» አለች፣ «ገበያው ሳይቀዘቅዝ»።
በዚያ ሙቀት የሚቀዘቅዝ እሱ ብቻ ነበር።

ደወልሁለት።
«ቁልፉ ደጅ ነው፣ ከባልዲው ሥር፤ መውሰድ ትችላላችሁ።»
ዝም አለ። ከዚያ፦
«ዘይቱን ግን ትናንት ቀይሬዋለሁ።»

ነገ ለሚነጠቀው ብረት ዘይት የሚቀይር ሰው፣
በየትኛው ነጥብ፣ በየትኛው ረድፍ ልመዝነው?

ሌሊት ሠንጠረዡን ገለጥሁት፤ ስድሳውም ክፍያ እኩል፣
ግንቦት እንደ የካቲት፣ ጭቃ እንደ ውርጭ ሊከፍል።
ያሰመርሁት እኔ ነኝ። ለዓይን ያምር ነበር።
ቢጫው የሱ ስም ላይ፤ ስሕተቱ የኔ መስመር።

ከግንቦትና ከሰኔ አንሥቼ ለጥርና ለየካቲት አሸከምሁ፣
በአዲሱ ወለድ ልክ ተሰብሳቢውን ደግሜ ቀመርሁ።
«የተሻሻለ ውል ያው የጭንቅ ምልክት ነው» አለች ራውኒ፣
«ደረጃው አይነሣም።» ልክ ናት።
መነጽሯን አውልቃ ፈረመች ግን፤ እኔም ከሥሯ።

ዓመት አለፈ። አንድ ሰኞ፣ ጥር ውስጥ፣
ከባንክ አንድ ክፍያ መጣ፣ ባለቤት አልባ።
የውል ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ቁጥር የለም፤
ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «መሬቱ ጠንክሯል።»
ኮምፒውተሩ አላወቀውም፤
«ያልታወቀ ገቢ» ብሎ ወደኔ መለሰው።

መስኮቱ ላይ በረዶ ነበር።
በእጄ አዛመድሁት።